ፕላዝማ የተሸነፈበት ሒሳብ

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው «ፕላዝማ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያገኘው በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ አይደለም። ፕላዝማ ማለት ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሳተላይት የመጣ የሒሳብ ወይም የባዮሎጂ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚያስተላልፍ ትልቅ ስክሪን ነበር። ሲውል ሲያድር ቃሉ ከዕቃው ተላቅቆ የትምህርቱ ስም ሆነ። ስሙ በአፋችን እንዲህ ሥር የሰደደው ዕቃ ግን ዛሬ አዲሱ በየትኛውም ሱቅ አይገኝም፤ ዋናዎቹ አምራቾች በ2014 መጨረሻ መሥራቱን አቁመዋል (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው)። የሚገርመው፣ ሲቀር በምስሉ ተበልጦ አለመቅረቱ ነው። ምስል መመዘን ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎች እስከ መጨረሻው ድረስ ጥቁሩን ጥቁር፣ እንቅስቃሴውንም ጥርት አድርጎ ያሳያል እያሉ ያወድሱት ነበር። ታዲያ ለምን ጠፋ? እኔ የምሟገትለት መልስ፣ የስክሪን ዓይነቶች ፉክክር የተቋጨው መስታወት በሚቆረጥበት ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚል ነው። ይህን ታሪክ ማወቅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ገንዘቡን ቆጥሮ ወደ ገበያ ለሚወጣ ሰው ነው።

የፕላዝማ ስክሪን ልደቱም ከመማሪያ ክፍል ጋር የተሳሰረ ነው። በ1964 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘርና ጂን ስሎቶው፣ ሮበርት ዊልሰን ከተባለ ተማሪ ጋር ሆነው፣ ፕላቶ ለተሰኘው በኮምፒውተር የማስተማሪያ ሥርዓት የሚሆን አዲስ ስክሪን ፈለሰፉ። የኢሊኖይ ሰዎች የተቸገሩት በወጪ ነበር። ባለ ትልቅ ጀርባው የካቶድ ቱቦ ስክሪን ምስሉ እንዳይጠፋበት በየሰከንዱ ደጋግሞ መሣል አለበት፤ ለዚህም ምስሉን ይዞ የሚያቆይ ሜሞሪ ይፈልጋል፤ የኮምፒውተር ሜሞሪ ደግሞ በዚያ ዘመን ዋጋው እሳት ነበር። የእነ ቢትዘር መፍትሔ በሁለት መስታወቶች መካከል ጋዝ የታሸገባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶችን መደርደር ሆነ። አንዲት ጉድጓድ አንዴ ከበራች፣ ጥፊ እስክትባል ድረስ በርታ ትቆያለች። ስክሪኑ ራሱ ሜሞሪ ስለሆነ ውዱን ሜሞሪ መግዛት ቀረ። በ1972 የወጣው የፕላቶ መሣሪያ 512 በ512 ነጥብ ያለው ብርቱካናማ ስክሪን ተገጥሞለት ነበር፤ ተማሪው በጣቱ እየነካ መልስ ይሰጥበታል። ስለዚህ ፕላዝማ ገና ሲወለድ የጠቅላላ ወጪ ሒሳብ የወለደው ዕቃ ነበር። የሞተውም በዚያው ዓይነት ሒሳብ ነው።

ብርቱካናማው ብርሃን ሙሉ ቀለም እስኪሆን ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ፈጀ። በባለ ቀለሙ ስክሪን ላይ እያንዳንዷ ጉድጓድ በቀይ፣ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ አንጸባራቂ ዱቄት ትለበጣለች፤ በውስጧ ያለው የኒዮንና የዜኖን ጋዝ በኤሌክትሪክ ሲመታ ዓይን የማያየው ጨረር ያወጣል፤ ጨረሩ ዱቄቱን ሲያገኘው ዱቄቱ ይበራል። እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ አምፖል ነው ማለት ነው። ሲጠፋም ብርሃን የሚያፈስ ነገር ከኋላው ስለሌለ ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል። ፉጂትሱ በ1992 ባለ 21 ኢንች ባለ ቀለም ስክሪን አሳየ፤ በ1997 ደግሞ ፊሊፕስ ባለ 42 ኢንቹን አሜሪካ ውስጥ በ14,999 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ተፎካካሪው ኤልሲዲ በዚያን ጊዜ እዚህ መጠን አጠገብ አልደረሰም። ኤልሲዲ ከጀርባው የሚበራ መብራት አለው፤ ፊት ለፊት ያለው ፈሳሽ ክሪስታል እንደ መጋረጃ ብርሃኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ነጥብ መጋረጃ መስታወቱ ላይ ትራንዚስተር መታተም አለበት፤ በሚሊዮን ከሚቆጠሩት ጥቂቱ ሲበላሽ ነጠብጣቡ ስለሚታይ መስታወቱ በተለቀ ቁጥር የሚጣለው ይበዛል። የፕላዝማ ጉድጓዶች ግን አነስ ሲሉ ነው የሚያስቸግሩት እንጂ ሲተልቁ ይቀላሉ። በዚህ ምክንያት በ2000ዎቹ መግቢያ ገበያው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ትልቅ የፈለገ ፕላዝማ፣ ትንሽ የፈለገ ኤልሲዲ ይገዛል።

ይህን ድንበር ያፈረሰው መስታወት ነው። የጃፓኑ ሻርፕ በ1988 ባለ 14 ኢንች ባለ ቀለም ኤልሲዲ ሠርቶ አሳይቶ ነበር፤ በ1998 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ካትሱሂኮ ማቺዳ እስከ 2005 በጃፓን የሚሸጡት ቴሌቪዥኖቻችን ሁሉ ኤልሲዲ ይሆናሉ ብለው ቃል ገቡ። በ2004 ሥራ የጀመረው የካሜያማ ፋብሪካ 1,500 በ1,800 ሚሊሜትር የሆነ መስታወት ላይ ይሠራ ነበር። በዓመቱ ሳምሰንግና ሶኒ በደቡብ ኮሪያ በጋራ ያቋቋሙት ፋብሪካ 1,870 በ2,200 ሚሊሜትር የሆነ መስታወት ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ብዙ ሱሪ እንደሚያወጣ፣ ይህ ፋብሪካ ከአንዱ መስታወት ስምንት ባለ 40 ኢንች ወይም ስድስት ባለ 46 ኢንች ስክሪን ይቆርጥ ነበር። የማተሚያው፣ የማጠቢያውና የማሞቂያው ወጪ አንዴ ይወጣል፤ የሚካፈለው ግን ለስምንት ነው። በዚያ ላይ ኤልሲዲ ብቻውን አልታገለም። የላፕቶፑ፣ የኮምፒውተር ሞኒተሩና የሞባይሉ ገዢ ሁሉ ሳያውቀው ለምርምሩ መዋጮ እየከፈለለት ነበር፤ ፕላዝማ ግን የሚኖረው ከትልቅ ቴሌቪዥን በሚገኝ ገቢ ብቻ ነበር። ወደ 2006 መገባደጃ ኤልሲዲ በ40 ኢንችና ከዚያ በላይ ባለው የፕላዝማ ሠፈር ገባ፤ በ2007 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ደግሞ በዓለም ገበያ የካቶድ ቱቦውን ቴሌቪዥን በብዛት በለጠ።

ይህን መከራከሪያ የሚቃወም ሰው አንድ ጠንካራ ማስረጃ ያነሣል፤ የኤልሲዲ ዋጋ ንጹሕ የፋብሪካ ሒሳብ አልነበረም። እውነት ነው። በ2008 ኤልጂ ዲስፕሌይ፣ ሻርፕና የታይዋኑ ቹንግህዋ ዋጋ ተመካክረው መወሰናቸውን በአሜሪካ አምነው በድምሩ 585 ሚሊዮን ዶላር ሊቀጡ ተስማሙ፤ በ2012 ሌላው የታይዋን ኩባንያ ኤዩኦ 500 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ይሁን እንጂ ማስረጃው ረጋ ተብሎ ሲታይ የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል። የሚመካከሩት ዋጋውን ከፍ ለማድረግ፣ ቢያንስ መውረዱን ለማዘግየት ነበር። ኤልሲዲ ያን ሸክም ተሸክሞ እንኳ ፕላዝማን በዋጋ ከደረሰበት፣ የመስታወቱ ስሌት ምን ያህል ኃይል እንደነበረው መገመት አያዳግትም። ለገዢው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፤ መለያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከበስተጀርባ ያለውንም የንግድ ትግል ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ኤልሲዲ ያሸነፈው ስለተሻለ ነው ይላል። በከፊል እቀበለዋለሁ። ባለ 42 ኢንች ፕላዝማ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ዋት በላይ ይበላ ነበር፤ ክብደቱም ቀላል አልነበረም፤ የጣቢያ ምልክትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ምስል ሲቆይበት ጠባሳ ይተውበታል። ከፍታም አይወድም ነበር። በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው ጋዝ ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ፣ አየሩ ሁለቱን መስታወቶች እርስ በርስ አጣብቆ ይይዛቸዋል፤ ከፍ ባለ አገር አየሩ ሲሳሳ መያዣው ይላላና ስክሪኑ እንደ ንብ ድምፅ ያሰማል። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው 2,000 ሜትር ገደማን የከፍታ ወሰን አድርገው ይጽፉ ነበር፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እነዚህ እውነተኛ ጉድለቶች ናቸው። ግን «ተሻለ» የሚለው ቃል የት ቆመን እንዳየነው መጠየቅ አለበት። ሱቅ ውስጥ ጣሪያው በመብራት ተጥለቅልቆ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ኤልሲዲው ደምቆ ይታያል፤ የፕላዝማው መስታወት መብራቱን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ፈዝዞ ይታያል። ማታ ቤት ውስጥ መብራት ሲቀነስ ፍርዱ ይገለበጣል፤ በኤልሲዲው ላይ የሌሊት ትዕይንት ግራጫ ሆኖ ሲቀር በፕላዝማው ላይ ከነጥላው ይታያል። ገንዘብ የሚከፈለው ግን ሱቁ ውስጥ ነው። በጥቁሩ ጥልቀት የተመሰገነውን ኩሮ የተባለ ፕላዝማ ይሠራ የነበረው ፓዮኒር በ2009 ከቴሌቪዥን ሥራ መውጣቱን አስታወቀ። ምርጡን ምስል መሥራት ብቻውን ፋብሪካውን አላኖረውም።

የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የገባላቸው ልክ በዚህ የሽግግር ወቅት ነው። አንዳንዶች ከኋላ ተመልሰው ሊጠፋ የተቃረበ ዕቃ ተገዛ ብለው ይወቅሳሉ። ይህ ወቀሳ ፍትሐዊ አይመስለኝም። በ2004 በተማሪ የተጨናነቀ ክፍል የኋላ ወንበር ድረስ የሚታይ ስክሪን ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ጠባብ ነበር። የካቶድ ቱቦው ቴሌቪዥን በዚያ መጠን አይገኝም ወይም አይነሣም፤ ፕሮጀክተር የጨለመ ክፍልና በየጊዜው የሚለወጥ አምፖል ይፈልጋል፤ ትልቅ ኤልሲዲ ገና ብርቅ ነበር። በዕለቱ ሒሳብ ፕላዝማ ትክክል ነበር። የጎደለው ከግዢው በኋላ ያለው ሒሳብ ነው። መብራት ሲቋረጥ ትምህርቱ በሳተላይት ያልፋል እንጂ አይጠብቅም፤ መምህሩ ማቆምም መመለስም አይችልም። ስክሪኑ ሲበላሽ መለዋወጫውና ጠጋኙ ሩቅ ናቸው፤ የዓይነቱ ምርት ሲያበቃ ደግሞ መለዋወጫው ጭራሹን ይመናመናል። የአንድ ስክሪን ዋጋ የተገዛበት ብር ብቻ እንዳልሆነ ከእነዚያ ክፍሎች በላይ በግልጽ ያሳየ የለም። የከፈሉትም ተማሪዎቹ ናቸው።

ፓናሶኒክ በ2013፣ ሳምሰንግና ኤልጂ በ2014 ፕላዝማን ሲተዉ ፉክክሩ አላበቃም፤ ስሙን ለወጠ። ዛሬ በየካርቶኑ ላይ «ኤልኢዲ» ተብሎ የሚጻፈው ቴሌቪዥን ያው ኤልሲዲ ነው፤ የተለወጠው የጀርባው መብራት ከፍሎረሰንት ወደ ኤልኢዲ መሆኑ ነው። «ኪውኤልኢዲ» የሚባለውም ቀለሙን የሚያጠራ ሽፋን የተጨመረበት ኤልሲዲ ነው። በአንድ ፊደል ብቻ የሚለየው «ኦኤልኢዲ» ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ በ1987 ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በኮዳክ ካሳተሙት ሥራ የተነሣ ሲሆን፣ እንደ ፕላዝማ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ይበራል፤ ጥልቅ ጥቁሩም፣ ጠባሳ የመያዝ ሥጋቱም አብረው ተመልሰዋል። የስክሪንን ዋጋ የሚወስነው አሁንም የመስታወቱ ስሌት ነው። 2,200 በ2,500 ሚሊሜትር ከሆነው መስታወት 18 ባለ 32 ኢንች ወይም 6 ባለ 55 ኢንች ይወጣል፤ የቻይናው ቢኦኢ በሄፌ የከፈተው ፋብሪካ ከ2,940 በ3,370 ሚሊሜትሩ መስታወት 8 ባለ 65 ኢንች ይቆርጣል። አንዳንዱ መጠን ከጎረቤቱ መጠን ይልቅ በኢንች ሲሰላ የሚረክሰው ለዚህ ነው፤ መስታወቱ ያለ ብዙ ቁርጥራጭ ያልቅለታል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የኑሮ ነው፤ ገንዘብ ያጠረው ሰው ያለችው ብር የምትበቃለትን ይገዛል እንጂ የምን ምርጫ ይላል። ይህ አባባል የገዢውን ችግር ቢያውቅም አቅሙን ያሳንሳል። ብሩ ጥቂት የሆነ ሰው ስሕተቱን የሚያርምበት ሁለተኛ ብር ስለሌለው ከሁሉ በላይ መመርመር የሚገባው እሱ ነው። ታሪኩ የሚሰጠው መመርመሪያም ወጪ የለውም። ለካርቶኑ ስም ጭማሪ ከመክፈል በፊት ዓይነቱ በእርግጥ ሌላ መሆኑን መጠየቅ፤ ፋብሪካዎቹ በብዛት የሚቆርጡትን መጠን መምረጥ፤ ቀን በመስኮት ብርሃን ለሚታይ ሳሎን ርካሹ ኤልሲዲ ከውዱ ኦኤልኢዲ ሊበልጥ እንደሚችል ማወቅ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት ማንበብ፤ የጀርባ መብራቱ ሲቃጠል የሚቀይር ጠጋኝ በሠፈሩ መኖሩን ማጣራት። የመስታወቱን ስሌት ከኢሊኖይ እስከ ሄፌ ሌሎች ሠርተውታል፤ ገዢው በመለያው ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። መለያው ላይ የማይጻፈው ሌላው ግማሽ፣ የቤቱ ብርሃን፣ ቆጣሪውና የጠጋኙ ሱቅ ርቀት፣ በገዢው እጅ ያለ ሒሳብ ነው፤ በመማሪያ ክፍሎቹ የጎደለውም ያ ግማሽ ነበር።