ከበሮና ኅብረት በስሜን ግርጌ

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት አጥቢያዎች ከበሮ አንሥቶ በአንገቱ የሚያጠልቅ ወጣት ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሁለት ቤቶች ወራሽ ነው፤ ከቤተ ክህነት ማኅሌቱን፣ ከቤተ መንግሥት ነጋሪቱን ወርሷል። እነዚህ ሁለት ቤቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም በአንድ ነገር ተስማምተው ኖረዋል፤ ይኸውም እጁ የተባረከለትን ልጅ በብዙዎች መካከል አቁመው፣ ሌሎቹን እየሰማ እንዲመታ፣ ራሱንም ለማኅበሩ እንዲያስገዛ ማሠልጠናቸው ነው። ይህ ሥልጠና ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ኖረ መመርመር ለዚህ አገር ልጅ የሚገባ ይመስለኛል፤ ስለ ከበሮ ሲወራ ስለ እጅ ፍጥነትና ስለ ጉልበት ብዙ ይነገራል፣ ስለ ጆሮ ግን ጥቂት።

ትውፊቱ የሚጀምረው ከቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተወለደው ይህ ሊቅ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ በተባሉት ሦስቱ ዜማዎች ድጓውን ከደረሰ በኋላ፣ ገድሉ እንደሚተርከው፣ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡም ሊቁም በዜማው ተመስጠው ሳሉ የንጉሡ ጦር የሊቁን እግር ወጋው፤ ንጉሡ ደንግጦ የወደደውን ይለምን ዘንድ ቢፈቅድለት፣ ሹመትም ርስትም ሳይሻ ወደ ምናኔ እንዲሄድ ብቻ አሰናብተኝ አለው። የመነነውም ወደ ስሜን፣ ወደ ጸለምት ምድር ነው፤ በዚያም እያስተማረ ኖሮ ግንቦት 11 ቀን ተሰወረ ይባላል፤ ከስሜን ከፍተኛ ተራሮችም አንዱ እስከ ዛሬ አባ ያሬድ ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ የዜማው አባት ከቤተ መንግሥት ግርማ ይልቅ የመረጠው ይህ ደጋ፣ የማኅሌት ልጆች ቢበዙበት የሚያስደንቅ አይደለም።

ዜማው ግን በአንድ ዘመን ተወልዶ በዚያው ዘመን አልተፈጸመም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት ለድጓው ምልክት አወጡለት፤ ከዚያም ጎንደር መናገሻ በሆነች ጊዜ ከየአገሩ የተሰበሰቡት ካህናት አቋቋሙን፣ ማለት ዜማው በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቆምበትን ሥርዓት፣ እያስፋፉና እያጠሩት ሄዱ። ድጓ ለሚያስመሰክር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለሚያስመሰክር ዙር አምባ እንደ ሆኑ ሁሉ፣ ለአቋቋም ማስመስከሪያው ጎንደር በአታ ሆነ፤ ስለዚህም ከዳባትና ከደባርቅ የሚነሣ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ ከፍ ወዳለው የትምህርት ወንበር የሚወስደው መንገድ ከሌሎች አውራጃዎች ልጆች ይልቅ ያጠረለት ነበር።

እንዲህ ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከበሮን አስቀድሞ የሚያውቀው ከሠርግ ቤት ነው። በሠርግ ቤት ከበሮ መቺው የዳሱ ጌታ ነው፤ እርሱ ሲያፈጥን ጭፈራው ይፈጥናል፣ እርሱ ሲያቀዘቅዝ እስክስታው ይረግባል፣ እልልታውም የሚከተለው የእርሱን እጅ ነው። በዚህ ያደገ ባለ ተሰጥዖ፣ ማኅሌት በገባ ጊዜ፣ የሚመታውን ሁሉ እንደሚችል ስለሚያውቅ የሚሳነው ነገር ያለ አይመስለውም። ማኅሌቱ ግን በሌላ ሥርዓት የተሠራ ነው። ካህናቱ በቀኝና በግራ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየወገናቸው፣ መሪጌታው በመካከል ሆነው፣ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል። መጀመሪያ ቁም ዜማው ያለ ከበሮ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜው መቋሚያው ብቻ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፤ በመረግዱ ጸናጽሉና ከበሮው ቀስ ብለው ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጽፋቱ፣ ጭብጨባው፣ ወረቡና ሽብሸባው የሚደርሱት። ስለዚህ ከበሮ መቺው ከሌሊቱ ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው ሳይመታ፣ እየሰማ ነው፤ ይህም ለወጣት እጅ ከሁሉ የከበደ ትምህርት ነው።

በመረግድ ጊዜ ከበሮው በመሬት ላይ ተጋድሞ ይመታል። ቀኝ እጅ በሰፊው አፍ ላይ በመዳፍ ሙሉ ወርዶ ከባዱን ድምፅ ያወጣል፣ ግራ እጅ በጠባቡ አፍ ላይ በጣት ይመልስለታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዝምታ ደግሞ የጸናጽሉ ነው። እዚህ ላይ ነው ባለ ተሰጥዖው ልጅ የሚፈተነው። ዝምታው ባዶ መስሎት በሦስትና በአራት ምት ሞልቶ ያስጌጠው እንደ ሆነ፣ ጸናጽል የያዙት ሰዎች ቦታቸውን ያጣሉ፤ የቀኙ ረድፍ ከግራው ይቀድማል፤ ዕድሜ የተጫናቸው አባቶች ትንፋሽ ሳይበቃቸው ቃሉን ይቆርጣሉ፤ የሚዘመረው የግዕዝ ቃልም ምሥጢሩ ሳይሰማ ያልፋል። መሪጌታው በዚያን ጊዜ አይቆጡም፤ መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ ወለሉ ላይ መታ አድርገው የቀደመውን ልክ ይመልሳሉ፣ ልጁም ያንን ድምፅ ከሰማ በኋላ ዓይኑን ከከበሮው አንሥቶ ወደ እርሳቸው ከንፈር ማየት ይጀምራል። ማፍጠን የተከለከለ አይደለም፤ እንዲያውም ወረቡ ሲጋል ከበሮ መቺዎቹ ተነሥተው፣ ከበሮውን በአንገታቸው አጥልቀው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሱ የሚመቱበት ጊዜ የማኅሌቱ ደስታ ነው። ነገር ግን ፍጥነቱ የሚጨመረው በሁሉ ፈቃድ ነው፤ መሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ጸናጽሉ ሲቀርብ፣ ሽብሸባው ሲጠብቅ ከበሮው ይከተላል።

ዕቃው ራሱም ይህንኑ ያስተምራል። ሊቃውንቱ ሲተረጉሙት ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው ይላሉ፤ በጎኑ የተጠላለፈው ጠፍር ጌታ የተገረፈው ግርፋት ሰንበር፣ የሚለብሰው ጨርቅ አይሁድ ያለበሱት ከለሜዳ ነው፤ መመታቱም ጌታ በጥፊ መመታቱን ያስታውሳል። ይህን ትርጓሜ የተማረ ልጅ እጁን በከበሮው ላይ ሲያነሣ ምን እንደሚመታ ያውቃልና፣ ለመታየት ብቻ መምታት ይከብደዋል። ብዙ ጊዜ የከበሮው ግንድ ዋንዛ ነው፤ ዋንዛ ደግሞ የወይና ደጋ ዛፍ በመሆኑ እንደ ደባርቅ ባለ ብርቱ ደጋ እንደ ልብ አይገኝም፣ ቆላማና ወይና ደጋ ከሆነው አገር ተፈልፍሎ ይመጣል እንጂ።

ወደ ሁለተኛው ቤት፣ ወደ ነጋሪቱ፣ ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ነጋሪት በቅሎ ላይ ተጭኖ የሚጓዝ፣ በቆመጥ የሚመታ፣ አዋጅ የሚነገርበትና ክተት የሚታወጅበት የመንግሥት ከበሮ ነበር፤ ክብሩም ከዚህ የተነሣ እስከ ዘመናችን ዘልቆ በ1934 ዓ.ም. የመንግሥቱ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። መኳንንቱ ሲጓዙ ከነጋሪቱ ጋር መለከትና እምቢልታ ይሰለፉ ነበር፤ ይህም በእግር የሚሄድ የሙዚቃ ጓድ በአገራችን ባዕድ እንዳልሆነ ያስረዳል። በተለይ እምቢልታውን ልብ ማለት ይገባል። አንድ እምቢልታ ለብቻው ዜማ አያወጣም፤ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፣ ዜማውም ከሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ትንፋሽ ተገጣጥሞ ይሠራል። ከነዚህ ነፊዎች አንዱ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ጓደኛው ዝም ካለ ዜማው የለም። የማኅሌቱ መምህር በመቋሚያው የሚያስተምረውን፣ እምቢልታ በአሠራሩ ብቻ ያስተምር ነበር።

ስሜን ይህን የመንግሥት ድምፅ በደንብ ያውቀዋል። በጃናሞራ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት የስሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በዚያው በደረስጌ ውቤን ድል ከነሡ በኋላ፣ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። የነጋሪቱ ግርማና የማኅሌቱ ስብሐት በዚህ ደጋ ከተገናኙባቸው ቀኖች ያ ቀን ዋነኛው ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

የነሐስ መሣሪያ የያዘው ሰልፈኛ ባንድ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የተላኩት መሣሪያዎች ጀመሩት፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት፣ አጸኑት፤ አርባ ልጆች ተብለው የታወቁት እነርሱ ናቸው። ኬቮርክ የደረሰውም መዝሙር፣ ቃሉን ዮፍታሔ ንጉሤ የሰጡት፣ በ1923 ዓ.ም. በጥቅምት በተፈሪ በዓለ ንግሥ ተሰማ። ቀጥሎ የክቡር ዘበኛና የጦር ሠራዊት ባንዶች ብዙ የአገር ልጆችን አስተማሩ፤ ከነርሱ መካከል ማኅሌት ገብተው ያደጉት ምት ጠብቆ መቆምን አዲስ ነገር አድርገው ያዩት አይመስለኝም።

ዛሬ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ የዩኒቨርሲቲ ወጣቶችም በየግቢ ጉባኤያቸው፣ የከተማ ልጆችም በየሰንበት ትምህርት ቤታቸው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ በረድፍ ተሰልፈው፣ በጥር 10 ከተራ ታቦታቱን ወደ ጥምቀተ ባሕር ያወርዳሉ፣ በማግሥቱም ያስመልሳሉ፤ የሚካኤል ታቦት ደግሞ ጥር 12 ይመለሳል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እነዚህም ሰልፎች የቅርሱ ክፍል ናቸው። ወጣቱ በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ከተማረው ማኅሌት የሰልፉ ከበሮ በአንድ ነገር ይከብዳል፤ መቺው ይራመዳል። እግሩ በአቀበትና በድንጋይ ላይ ነው፣ ከኋላው የሚመጡት መቶ እግሮች ከእርሱ ምት ጋር ይወድቃሉ፣ ከፊቱ የሚሄዱትም ካህናት የራሳቸው ዜማ አላቸውና ያንን ማፈን አይገባውም። ዳዊት በታቦቱ ፊት የዘለለውን የሚያስብ ወጣት በመዝለል ሊበልጥ ይመኛል፤ አሠልጣኞቹ ግን የሚመዝኑት ከበሮው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት ጊዜ ነው። ተቀባዩ ቀድሞ ከጎን እየተራመደ በጭብጨባ ምቱን ይይዛል፤ ሰጪው ቀኝ እጁን ከሰፊው አፍ ሳያነሣ በግራው ማንገቻውን ከአንገቱ ያወጣል፤ ተቀባዩ አንገቱን ካስገባ በኋላ ሁለቱ አንድ ዙር አብረው ይመታሉ፤ ከዚያ ሰጪው እጁን አንሥቶ ወደ ረድፉ ይገባና ከጓደኞቹ ጋር ማጨብጨቡን ይቀጥላል። ኋላ ያሉት መዘምራን ከበሮው እጅ መለወጡን ካላወቁ፣ መምህሩ ልጁን ለከርሞው ጥምቀት በፊተኛው ረድፍ ይጽፉታል።