ተኳሽ የማይቀመጥበት መትረየስ

እስቲ አስቡት፦ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እየበረራችሁ የጠላት ተዋጊ አውሮፕላን መጣባችሁ። ማነጣጠሪያው እጃችሁ ላይ ነው፤ መትረየሱ ግን ከእናንተ ራቅ ብሎ፣ ማንም በሌለበት ተሽከርካሪ ጉልላት ውስጥ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው ቢ-29 ቦምብ ጣይ የሚዋጋው እንዲህ ነበር። ለምን? በቀደመው ቢ-17 ተኳሾቹ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ፣ የኦክስጅን ጭንብል አጥልቀው ይተኩሱ ነበር። የቢ-29 ተኳሾች ግን የአየር ግፊቱ በተጠበቀ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ መትረየሶቹ ውጭ ቀሩ።

ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል። ተኳሹና መትረየሱ ዒላማውን የሚያዩበት ማዕዘን ይለያያል። ጥይቱ እስኪደርስ ዒላማው ቦታ ይቀይራል፤ ጥይቱም በስበት ዝቅ ይላል። ይህን ሁሉ የሚያሰላው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሠራው አናሎግ ኮምፒውተር ነበር፦ በ0 እና በ1 ሳይሆን በጊርና በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ሞተሮች ደግሞ መትረየሱን ወደተሰላው አቅጣጫ ያዞሩታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ምን ሆነ መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በማርች 1945 ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ ቶኪዮ በሌሊት፣ ከዝቅተኛ ከፍታ እንድትደበደብ አዘዘ። የጃፓን የሌሊት ተዋጊዎች ደካማ ናቸው ብሎ ስላመነ አብዛኞቹን መትረየሶች ከነጥይታቸው አስወረደ። በተረፈው ክብደት ተጨማሪ ተቀጣጣይ ቦምብ ተጫነ። በዚያች ሌሊት ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል።

እና ስለ አንድ መሣሪያ ስታነቡ «እንዴት ይሠራል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ሲወርድስ በቦታው ምን ተጫነ?» ብላችሁም ጠይቁ።