በሰሌዳውና በሶፋው መካከል

ስለ ሥልጣንና ስለ መንግሥት መጻፍ የለመደ ሰው ስለ ካርቱን ሲያወራ ብታዩ «ምን ነካው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ምን ያህል እንደሚናገርና የት ላይ እንደሚፈራ ለማወቅ ከአዋጁ ይልቅ ቀልዱ የተሻለ ምስክር የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲ የመክፈቻ ቀልዶች እንዲህ ያሉ ምስክሮች ናቸው።

ማት ግሬኒንግ የፈጠረው ይህ ሥራ ራሱን ችሎ በፎክስ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1989 ነው። ብዙም ሳይቆይ ቋሚ መክፈቻውን ያዘ። ባርት የተባለው ረባሽ ልጅ በቅጣት ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ቤተሰቡ ቴሌቪዥን ለማየት ወደ ሶፋው ይሮጣል። የሚጻፈው ዓረፍተ ነገርና በሶፋው ላይ የሚደርሰው ጉድ ይለዋወጣል። የብልሃቱ ምንጭ ቁጠባ ነበር። ረጅም መክፈቻን ደጋግሞ ማሳየት ለየክፍሉ የሚሳለውን ሥራ ይቀንሳል፤ ተመልካቹ እንዳይሰለች ደግሞ ተለዋዋጭ ቀልዶች ገቡበት።

ከቁጠባ የተወለደችው ይህች ጠባብ ክፍተት ግን ለኃያላን መልስ መስጫ ሆነች። ጃንዋሪ 27 ቀን 1992 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) የአሜሪካ ቤተሰቦች ይበልጥ ዎልተኖችን እንጂ ሲምፕሰኖችን እንዳይመስሉ እንደሚሹ ተናገሩ። ዎልተኖች በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የኖሩ፣ በአንድ ተከታታይ ድራማ የታወቁ ጨዋ የገጠር ቤተሰብ ናቸው። ከሦስት ቀናት በኋላ፣ በድጋሚ በቀረበ አንድ ክፍል መግቢያ ላይ፣ ሲምፕሰኖች ሶፋቸው ላይ ሆነው ንግግሩን ሲያዩ ታዩ። ባርትም፦ እኛም እንደ ዎልተኖች ነን፤ ድቀቱ እንዲያበቃ እየጸለይን ነው ሲል መለሰ። ቡሽ በዚያው ዓመት በምርጫ ተሸነፉ። ለሽንፈታቸው ካርቱኑን ምክንያት ማድረግ የዋህነት ነው። ቁም ነገሩ ለርእሰ ብሔሩ የመለሰው ደራሲ አለመታሰሩ፣ ጣቢያውም አለመዘጋቱ ነው።

ታዲያ ነጻነቱ ወሰን አልነበረውምን? ነበረው። ወሰኑንም የነገረን ያው ሰሌዳ ነው። በኤፕሪል 2010 «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው ሌላ ካርቱን ነቢዩ መሐመድን በሚመለከት ባቀረበው ክፍል የተነሣ ዛቻ ሲደርስበት፣ ባርት በሰሌዳው ላይ፦ ባንፈራ ኖሮ ከጎናችሁ እንቆም ነበር የሚል ቃል ጻፈ። ፕሬዚዳንት ያልፈራ ብዕር በአደባባይ «ፈራሁ» አለ። እኔ በበኩሌ ከድፍረቶቹ ሁሉ ይህንን ኑዛዜ አስበልጣለሁ፤ ፍርሃቱን የሚደብቅ ጸሐፊ ዝምታውን ጥበብ አድርጎ ያቀርባልና።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ እንግሊዛዊው የግድግዳ ሠዓሊ ባንክሲ የሶፋውን ቀልድ ወደ ጨለማ ፋብሪካ ለወጠው፤ የእስያ ሠራተኞች እየማቀቁ የሲምፕሰንስን ሥዕሎችና ሸቀጦች ሲያመርቱ አሳየ። ፎክስም አስተላለፈው። ካርቱኑ በእርግጥም ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ይሠራል። ነገር ግን ሥራውን የሚያከናውነው የኮሪያ ስቱዲዮ መሥራች ኔልሰን ሺን በሥዕሉ ቅር መሰኘታቸውን ገለጹ። የተበዳዩ ጠበቃ ነኝ ያለው ቀልድ ተበዳዩን ራሱን አልጠየቀውም ነበር።

ዕድሜዬን ከጠመኔ ጋር የገፋሁ መምህር ነኝና ይህ ነገር ያሳስበኛል። በክፍላችን ሰሌዳው የመምህሩ ነው፤ ተማሪ የሚነካው ሲጠራ ብቻ ነው። ባርት ግን የቅጣቱን ሰሌዳ መናገሪያ አደረገው። ስለዚህ የአንድን አገር የንግግር ነጻነት ስንመዝን «ምን ተጻፈ?» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «ጠመኔው በማን እጅ ነው?» ብለን እንጠይቅ።