ቀላድን የጠላ አገር

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጎጃም ላይ፣ ሞጣና ዳሞት ውስጥ፣ አራሹ ራሱ ጠመንጃውን ወልውሎ ተነሣ። የተነሣው ግን በባለርስት ላይ አልነበረም፤ ሰብሉን ሊገምትና ማሳውን ሊያይ በመጣው ሹም ላይ ነበር።

መነሻው በኅዳር 1960 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። ሲያነቡት ክፉ ሕግ አይመስልም። አሥራትን ይሽራል፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት እንዲከፍል ያዛል። ሊከፋበት የሚገባው በደቡብ ሰፊ ጋሻ መሬት የያዘው ጌታ ነበር። የጎጃም ገበሬ አብዛኛው በገዛ ርስቱ የሚያርስ ነው። ታዲያ እሱ ለምን ሸፈተ?

መልሱ ያለው ርስቱ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን እንደመዘገበው፣ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ትውልድ ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት ከደረሰ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። በዘሩ ስም የሚሟገት ፈጅ አለ። ሙግቱ አያልቅም፤ ጉልበትና ብልሃት ያለው ይዞታውን ያሰፋል፣ የደከመው ይጠበዋል። እንዲህ ያለውን መሬት ለግብር ሲባል በአንድ ሰው ስም መዝግቦ መተው የትውልድን ሙግት በአንድ ቀን መዝጋት ነው። በዚያ ላይ ቀላድ፣ መሬት የሚለካበት ገመድ፣ በደቡብ የሠራውን ያልሰማ አልነበረም፤ በተለካው አገር መሬቱ ለወታደርና ለሹም ተከፋፍሎ ባላገሩ ጢሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ጎጃም ከጣሊያን በኋላ የመሬት ግብር ሲታወጅም አሻፈረኝ ብሎ ከልኬት ማምለጡን ያስታውሳል።

ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ጦር ዘመተ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላን ሳይቀር ተላከ። በመጨረሻ ግን ደጃዝማቹ ከቦታቸው ተነሡ፣ ግብሩም ቀረ። ያሸነፈው ገበሬው ነው።

ይህን ዐመፅ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያዩ አሉ። ፍርዱ ቸኩሏል። ገበሬው የፈራው የብሩን መጠን ሳይሆን መንግሥት መሬቱን አንድ ጊዜ ከቆጠረው በኋላ የሚያደርገውን ነበር፤ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ የሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነ። እርግጥ የርስቱም ነፃነት ለሁሉም አልነበረም። ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ ሙስሊሙም በአብዛኛው ከርስት ውጭ ነበሩ፤ ለእነሱ የ1967ቱ አዋጅ መሬት ይዞ መጥቷል።

ገመዱ በ1989 እንደገና መጣ። የአማራ ክልል መሬት ሲያሸጋሽግ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሥልጣን የነበሩት «ቢሮክራት» ተብለው ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። የተቆረጠባቸው የጎጃም ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። መሬት ያልነበራቸው ሴቶችና ወጣቶች ግን ከዚሁ ሽግሽግ ድርሻ አገኙ። ባንድ መንደር አንዱ የሚያዝንበት ማሳ የጎረቤቱ ደስታ ሆነ።

የሚገርመው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። በ1990ዎቹ ክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ሲጀምር በስዊድን እርዳታ ሙከራው ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው ጎዛምን ነበር። አያቶቹ ገማቾችን በጠመንጃ ያባረሩበት አገር ገበሬ፣ መሬቱ ተለክቶ በስሙ እንዲመዘገብለት ደጅ ጠና። የማረጋገጫው ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ያለ ደብተር ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ከባድ ሆኗል። ደብተሩ ማውረስንና ማከራየትን ይፈቅዳል። መሸጥ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ክልክል ነው፤ ርስትም ቢሆን ከዘር ውጭ አይሸጥም ነበር።