የመንገድ ወሰንና የገበሬው ይዞታ

ቤት ከመንገድና ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል ርቆ ይሠራ የሚለው ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ሕግ ከዋና መንገድ ግራና ቀኝ 200 ጫማ ወይም 60 ሜትር ያህል ቁጥቋጦ እንዲመነጠር አዝዞ ነበር። ዓላማው ሽፍታ ተደብቆ መንገደኛ እንዳይዘርፍ ነው። መኪና ከበዛ በኋላ ደግሞ ቤቶች መንገድ ለመንገድ እየተደረደሩ ስላስቸገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ ሕግ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያለ ፈቃድ መሥራትን ከልክሏል።

በአገራችን ገጠር ይህ ነገር ሲዳኝ የኖረው በልማድ ነው። ገበሬው ጎጆውን ሲቀልስ ለከብት መውጫ፣ ለአውድማና ለደጃፍ ቦታ ይተዋል። እንደ ንፋስ መውጫ ባለ ነፋሻ ደጋ የሣር ክዳን ቤቶች ከተጠጋጉ እሳት ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ለመዛመት ጊዜ አይፈጅበትም።

ልማዱን የፈተነው አውራ ጎዳናው ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚገባውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ እስከ ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይባላል። መንገድ ገበያን ይስባል፣ ገበያም ቤትን። ሁሉም ደጁን ወደ አስፋልቱ ማዞር ይፈልጋል።

መሬቱ ግን እየጠበበ መጥቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ሽግሽግ ከተደረገ በኋላ የብዙው ገበሬ ማሳ አነስተኛ ነው። ለምሳሌ 50 በ50 ሜትር የሆነች ሩብ ሄክታር በመንገድ በኩል 10 ሜትር ብትተው የምታጣው 500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም አንድ አምስተኛዋን ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ መሰጠት የጀመረው የይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም መብት ያስከበረ ትልቅ እርምጃ ነው። የመጀመሪያው ደብተር አዋሳኞችን በአራቱ አቅጣጫ ይመዘግባል እንጂ ካርታ አልነበረውም። በአንድ በኩል «መንገድ» ተብሎ ከተጻፈ የመንገዱ ወሰን ከአስፋልቱ ጫፍ ነው ወይስ ከቦዩ ማዶ የሚለው ለክርክር ክፍት ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም በዋናነት 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ስለነበር የገበሬውን ጎጆ አልነካም።

ክፍተቱ የሚታወቀው መንገድ ሲሰፋና ወሰን ማስከበር ሲመጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሣን የሚፈቅዱት ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ወሰኑን ሳያውቅ የሠራ ቤተሰብ ቤቱንም ካሣውንም በክርክር ላይ ይጥላል።

ስለዚህ ርቀቱ መነገር ያለበት መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ነው። ወሰኑ በችካል ቢታይና በደብተሩ ቢሰፍር፣ ከወሰኑ ወዲህ ቤት የማይሠራበት የገበሬው ቦታም ጾሙን አያድርም፤ ድንች ወይም ገብስ ይዘራበታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የማዳበሪያ መጋዘን ሲሠሩ የጭነት መኪና የሚዞርበትን ቦታ አስቀድመው ቢተዉ ለአባላቱ ምሳሌ ይሆናሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።