ከእምኩሉ እስከ ነቀምቴ፦ ነፃ የወጡ ልጆች ያስፋፉት ትምህርት ቤት



የዘመናዊ ትምህርት ታሪካችንን ስናስተምር ትረካውን አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው በ1908 ከተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። በዛሬው ንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ። ይህ አጀማመር ታሪኩን ከቤተ መንግሥት ለሚመለከት ሰው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤትን የሚያቆመው መንግሥት ብቻ አይደለም። የንባብ ቤቱን፣ የዜማ ቤቱንና የቅኔ ቤቱን ለዘመናት ያቆየው እምነት ነበር። ዛሬ የማቀርበው ጉዳይም ከእምነት የተወለደ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ የተከተለ፣ ተማሪዎቹም ሌሎች የነበሩ ትምህርት ቤት ነው። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን የከፈተውን ትምህርት ቤትና ከእርሱ ወጥቶ በነቀምቴ የተተከለውን ማለቴ ነው።

በ1856 በስቶክሆልም የተመሠረተው ይህ ሚስዮን የመጀመሪያዎቹን ሦስት መልእክተኞች በ1866 ወደ ምጽዋ ሲልክ ዓላማው ትምህርት ቤት መክፈት አልነበረም። ሐሳቡ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ዘልቆ ወንጌልን መስበክ ነበር። መንገዱ ግን ዝግ ሆነባቸው። በመጀመሪያ ወደ ኩናማ ምድር ገቡ፤ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ በንዳድ ሲሞቱ ሌሎቹ ተገደሉ። የተረፉት በ1870 ገደማ ወደ ጠረፉ ተመለሱ። ሰው በሚሰላው ስሌት ሥራው እዚያው ሊያበቃ ይገባው ነበር።

ሊሄዱበት ያልቻሉት ሕዝብ ግን በባሪያ ንግድ መንገድ ተጎትቶ ወደ እነርሱ ይመጣ ነበር። ምጽዋ ከመሐል አገር የተፈነገሉ ልጆች ወደ ባሕር ማዶ የሚሻገሩባት በር ነበረች። ከነዚህ አንዱ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ በ1856 ገደማ የተወለደው ሂካ ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ1870 ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ ለሚስዮኑ ሰጠው። በ1872 በትንሣኤ በዓል ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ በፊልሞና መልእክት የተጠቀሰው ባሪያ ስም ነው። በኦሮምኛ «ሂኩ» መፍታትም መተርጎምም ነው። የእኛም «መፍታት» ሁለቱን ይይዛል፤ እስረኛ ይፈታል፣ ቅኔም ይፈታል። የልጁ የሕይወት ታሪክ በመጀመሪያ ስሙ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ጥያቄ ልጠይቅ። ሚስዮኑ እነዚህን ልጆች መግቦ፣ ሙያ አስተምሮ ማሰናበት ይችል ነበር። ስለ ምን ፊደል ማስቆጠርን መረጠ? መልሱ በእምነታቸው ይዘት ውስጥ ይገኛል። ሉተራዊው ትምህርት እያንዳንዱ ምእመን ቃሉን በገዛ ቋንቋው ሊያነብ ይገባል ይላል። ይህን የተቀበለ ሰው ከዚያ ወዲያ ያሉትን ግዴታዎች ሊሸሻቸው አይችልም። ለማንበብ መጽሐፍ ያስፈልጋል፤ ለመጽሐፍ ትርጉም፣ ለትርጉም ቋንቋውን ከእናቱ የተማረ ሰው፣ ለዚያ ሰው ደግሞ ትምህርት ቤት። ሴትም ምእመን ናትና ሴት ልጅ ከዚህ ልትቀር አትችልም። በእምኩሉ ሴቶች ልጆች ይማሩ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ እንደ ታሪክ ተመራማሪ «እምነት አነሣሣቸው» የሚለውን ሐረግ የምቀበለው በዚህ ትርጉሙ ነው፤ እምነት ስሜት ብቻ ሳይሆን አንዱን ተግባር ከሌላው ጋር የሚያያዝ ሰንሰለት ነበር።

የሰንሰለቱን ጥንካሬ የሚያሳዩት ፍሬዎቹ ናቸው። ኦኔሲሞስ በ1876 ወደ ስዊድን ተልኮ በዮሐነሉንድ አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ተመልሶ በሱዳን በኩል ወደ ትውልድ ምድሩ ለመግባት ሞከረ፤ የመሐዲስቶች ዐመፅ መንገዱን ዘጋበት። ቀጥሎም በታጁራና በሐረር በኩል እስከ እንጦጦ ቢደርስም፣ ወደ ጅማ እንዳያልፍ በምኒልክ ትእዛዝ ተመለሰ። አገሩን መርገጥ የተከለከለው ሰው ብዕሩን ወደ ቋንቋዋ መለሰ። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 በእምኩሉ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅድስት ክሪሾና ታተመ፤ ሁለቱም በግእዝ ፊደል።

ይህ ሥራ ግን የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። አስቴር ገኖ በ1886 ጣሊያኖች ወደ ዓረብ አገር ሲጓዝ ከያዙት መርከብ ነፃ የወጣች ወጣት ነበረች። በእምኩሉ ተምራ፣ የኦሮምኛ ቃላትን በሺህ የሚቆጠሩ አድርጋ ሰበሰበች፤ የትርጉሙ መሠረት የሆነውም ይህ ስብስብ ነው። በልጅነቷ የሰማቻቸውን ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ግጥሞችም ጻፈች፤ ከነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። ወንጌል ለማንበብ የተዘጋጀው መጽሐፍ የአንድን ሕዝብ የቃል ሥነ ጽሑፍም ከመጥፋት አዳነ ማለት ነው። የአስቴር ድርሻ ግን ለረጅም ጊዜ በኦኔሲሞስ ስም ጥላ ሥር ቆይቷል።

በ1904 ኦኔሲሞስ፣ ባለቤቱ ሊድያ ዲምቦ፣ አስቴርና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ነቀምቴ ደረሱ። ከእነርሱ ቀደም ብሎ በ1898 ኤርትራዊው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በቦጂ ማስተማር ጀምሮ ነበር። በነቀምቴ ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ በክብር ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ከዚህ ዕለት ጀምሮ የመምህራኑ ወንበር የነፃ ወጪዎቹ ሆነ። በልጅነታቸው ከወለጋና ከአካባቢው ተሸጠው የወጡ ሰዎች፣ መጽሐፍ ይዘው ተመልሰው የመኳንንቱንና የገበሬውን ልጆች ማስተማር ጀመሩ።

መከራው ብዙ አልዘገየም። ትምህርቱ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መሰጠቱ የአካባቢውን ካህናት አሳሰበ። በ1906 ኦኔሲሞስ ተከሶ አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። እንዲጋዝ ተፈርዶበት ሳለ ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ መስበክን ግን ከለከሉት። የካህናቱን ሥጋት በድንቁርና ብቻ መግለጽ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ለዘመናት ያቆዩት ሥርዓተ ትምህርትና ሥልጣነ ክህነት በአዲስ መምህር ሲነካ መቆጣታቸው የሚጠበቅ ነበር። ያም ሆኖ ስብከቱ ሲከለከል ማስተማሩ ዋና መተንፈሻ ሆነ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ የስብከት ፈቃድ እስኪሰጡ ድረስ ሥራውን ያቆየው ትምህርቱ ነው።

ሂሳዊ ዐይናችንንም ልንከድን አይገባም። የተቀበሏቸው ልጆች ስማቸው ተለውጧል፤ የሚማሩትንና የሚላኩበትን የወሰኑት በአብዛኛው ሌሎች ነበሩ። ነፃነታቸው ከባለውለታነት ጋር ተጣምሮ የመጣ ነበር። ሆኖም ታሪኩ የሚስዮናውያኑ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ስዊድናውያኑ በ1920ዎቹ ነቀምቴ ሲደርሱ የተቀበላቸው ባዶ ምድር ሳይሆን በአገር ልጆች የተዘጋጀ ጉባኤ ነበር። ኦኔሲሞስ በ1931 ሲያርፍ ሥራው አልቆመም። በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት ከዋና ምንጮቿ አንዱ ይኸው የምዕራቡ እንቅስቃሴ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ሁለት ነገር እንድትወስዱ እሻለሁ። አንደኛው የተቋማትን ታሪክ ስትጽፉ «ማን ከፈተው?» ብላችሁ እንዳትቆሙ ነው። በር የከፈቱት ስዊድናውያን ናቸው፤ ትምህርት ቤቱን ወደ አገር ውስጥ ተሸክመው ያደረሱት ግን ተማሪዎቹ ናቸው። ሁለተኛው ቋንቋን የሚመለከት ነው። በአንድ ቋንቋ ፊደል ማስቆጠር ለዚያ ቋንቋ ተናጋሪ ክብሩን መመስከር ነው፤ በእምኩሉና በነቀምቴ የተነሣው ክርክር ዛሬም በመማሪያ ክፍሎቻችን አላበቃም። ክርክሩን የምትቀጥሉት እናንተ ናችሁና፣ በተሸጡበት መንገድ ተመልሰው ያስተማሩትን ሰዎች ሥራ ሳታነቡ አትግቡበት።