ከአካ እስር እስከ ዋሽንግተን ማዕድ

እስቲ ቀረብ በሉና አድምጡኝ! ዛሬ የምተርክላችሁ ዕድሜውን በግዞት የፈጀ ሰው በስተእርጅናው የሄደውን መንገድ ነው። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

በ1844 ቴህራን ላይ አንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ የባሃኢ እምነት መሥራች ባሃኡላህ ናቸው። ልጁ ገና 9 ዓመት ሳይሞላው አባቱ ስለ እምነታቸው ታሰሩ፤ ንብረታቸው ተዘረፈ፤ ቤተሰቡም በክረምት ብርድ ተራራ እያቆራረጠ ወደ ባግዳድ ተሰደደ። ከባግዳድ ቁስጥንጥንያ፣ ከቁስጥንጥንያ ኤዲርኔ፣ በመጨረሻም በ1868 የኦቶማን መንግሥት እስረኞቹን ወደሚያግዝባት ወደ አካ። ያ ልጅ አብዱል-ባሃ ነበሩ።

በ24 ዓመታቸው የገቡባት አካ 40 ዓመት ያዘቻቸው። በ1892 አባታቸው ሲያርፉ ምእመናኑን የመምራት አደራ ተቀበሉ። በ1908 በኦቶማን መንግሥት ላይ የወጣት ቱርኮች አብዮት ሲፈነዳ ነፃ ወጡ። ጤናቸው ታውኳል፣ ፀጉራቸው ሸብቷል። በዚህ ዕድሜ ሰው ጥላ ፈልጎ አረፍ ይላል። እሳቸው ግን መርከብ ፈለጉ!

በ1911 አውሮፓ ገቡ። መስከረም 10 ቀን ለንደን ውስጥ ሲቲ ቴምፕል በተባለው ቤተ ክርስቲያን ቆመው በምዕራቡ ዓለም የመጀመሪያውን የአደባባይ ንግግራቸውን አሰሙ። መልእክታቸው አንድ ነው፦ አምላክ አንድ ነው፣ የሰው ልጅም አንድ ነው።

በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ተከታዮቻቸው ገንዘብ ልከው በታይታኒክ እንዲመጡ ለመኗቸው። ገንዘቡን አልተቀበሉም። መጋቢት 25 ቀን ከእስክንድርያ በሴድሪክ መርከብ ተነሥተው ሚያዝያ 11 ቀን ኒው ዮርክ ደረሱ። ታይታኒክ የሰጠመው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው።

ኒው ዮርክ እንደደረሱ የሀብታም ግብዣ ሞላ። እሳቸው ግን ሚያዝያ 19 ቀን ወደ ባወሪ ሰፈር ወረዱ፤ ቤት የለሾችና ሥራ ፈላጊዎች ወደሚጠለሉበት። ተናገሯቸው፤ ሲጨርሱም በር ላይ ቆመው በ400 ያህል ድሆች እጅ ላይ የብር ሳንቲም አኖሩ።

አሁን ደግሞ ዋሽንግተን እንግባ፤ የነገሬ እምብርት እዚህ ነውና። ሚያዝያ 23 ነው። በዘመኑ በዚያች ከተማ ጥቁርና ነጭ በአንድ ገበታ አይቀርቡም። አብዱል-ባሃ በመጀመሪያ በጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ በሃዋርድ፣ ንግግር አደረጉ። ከዚያ የፋርስ መንግሥት ተወካይ የነበሩት አሊ ቁሊ ኻን ቤት ምሳ ተጠሩ። ተጋባዦቹ የከተማይቱ ታላላቆች ናቸው፤ ወንበሩም በየማዕረጉ ተደልድሏል።

ሉዊስ ግሪጎሪ የሚባል ጥቁር ጠበቃም እሳቸውን ለማነጋገር እዚያው ቤት መጥቶ ነበር። ወላጆቹ ከባርነት የወጡ ናቸው። እንግዶቹ ወደ ማዕድ ሲያልፉ እሱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ለእሱ የተዘጋጀ ቦታ አልነበረማ! አብዱል-ባሃ ተቀመጡ፤ ዙሪያቸውን ቃኙ። ግሪጎሪ የት እንዳለ ጠየቁ፤ ይጠራልኝ አሉ። ሰዎቹ ፈልገው እስኪያመጡት ድረስ የገበታውን ዕቃ በገዛ እጃቸው እያሸጋሸጉ በቀኛቸው፣ በክብር ወንበሩ ላይ፣ ቦታ አበጁለት። ግሪጎሪ መጣ፤ ተቀመጠ። እሳቸውም ስለ ሰው ልጅ አንድነት መናገር ጀመሩ። ስብከቱ ግን ወንበሩ ሲሳብ አልቆ ነበር፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግሪጎሪ ሉዊዛ ማቲው የምትባል እንግሊዛዊት አገባ፤ ያቀራረቧቸውና ያበረታቷቸው አብዱል-ባሃ ናቸው። ብዙ ክፍለ ግዛቶች እንዲህ ያለውን ጋብቻ በሕግ በከለከሉበት ዘመን!

አዛውንቱ በባቡር ሞንትሪያል ደረሱ፤ እስከ ካሊፎርኒያም ዘለቁ። ታኅሣሥ 5 ቀን ከኒው ዮርክ ተነሥተው፣ ብሪታንያን፣ ፈረንሳይን፣ ጀርመንን፣ ኦስትሪያንና ሃንጋሪን አዳርሰው በ1913 ተመለሱ። በ1921 ሃይፋ ላይ ሲያርፉ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ፣ አይሁዱና ድሩዙ በአንድነት ሸኛቸው።

መንገዱ ግን በዚያ አላበቃም። ግሪጎሪ የጥብቅና ሥራውን ትቶ ስለ ዘር አንድነት እየተናገረ ለብዙ ዓመታት የአሜሪካን ደቡብ ዞረ፤ አብዱል-ባሃ ራሳቸው ያልረገጡትን፣ መለያየቱ የከፋበትን አገር። እምነትን ማዳረስ ማለት እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ በር ላይ የቀረውን ሰው ጠርቶ ከጎን ማስቀመጥ፤ እሱም በተራው ተነሥቶ ሌላውን እንዲጠራ።